በየማለዳው የሚጠፋው ማስታወቂያ

ለውድ አባቴ፣

ሰላምታዬ ከደጃፉ ተነሥቶ፣ በመተላለፊያው አልፎ፣ ከመስኮቱ ሥር አጎንብሰህ ከምትሰፋበት ወንበር ድረስ ይድረስልኝ። እንዴት ነህ አባዬ? እንዴት ከረምክልኝ? ጉልበትህስ፣ ደረጃ ስትወጣ አሁንም ታጉረመርምበታለህ ወይስ ታረቃችሁ? ዓይንህስ? መርፌ ላይ ክር ለማስገባት አሁንም እማዬን ትጣራለህ ወይስ ለመነጽሩ እጅህን ሰጠህ? እማዬን ያ ክፉ ሳል ለቀቃት? ታናሽ ወንድሜ እንዴት ነው፣ ጢሙ ወጣለት ወይስ ገና በመስታወት እያፈላለገው ነው? አክስቴስ? እሷን እንኳ ደህና ነሽ ወይ ብሎ መጠየቅ ትርፍ ነው፤ በሽታ ድምጿን ሰምቶ ከበር ይመለሳል። የስፌት መኪናህስ ዘይቷን ጠጥታ ትሠራለች ወይስ እንደ ልማዷ ሰው ሲቸኩል ታኮርፋለች?

እኔ በጣም ደህና ነኝ። ለማስደሰት ብዬ አይደለም፤ ቀሚሴ ወገቤ ላይ ጠቧል፣ ብታየኝ ገና ከበር ላይ በዓይንህ ትለካኝና ሁለት ጣት ልልቀቅልሽ ትለኝ ነበር። የምኖረው ልብስ ማጠቢያ ቤት ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ታች ያሉት ማሽኖች መዞር ሲጀምሩ ወለሉ ይሞቃል፣ ግድግዳውም ቀስ ብሎ ያንጎራጉራል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ጠረጴዛዬ ላይ ስትተኛ ሥራና እንቅልፍ ይምታቱብኛል፤ ጻፍኩት ያልኩትን አልሜው፣ አለምኩት ያልኩትን ጽፌው አገኘዋለሁ። የሳሙናው ሽታ ልብሴን ብቻ ሳይሆን ሐሳቤንም ያጠበው ይመስለኛል።

በመጨረሻው ደብዳቤህ፣ ደንበኞችህ ልጅህ ምን ትሠራለች ብለው ሲጠይቁህ ኮምፒውተር ላይ ትጽፋለች እንደምትል፣ ምን ትጽፋለች ሲሉህ ደግሞ መቀስህን መፈለግ እንደምትጀምር ጽፈህልኝ ነበር። ሳቅሁ። አምስት ዓመት ሙሉ ሥራዬን አለማስረዳቴ የእኔ ጥፋት ነው። መቼ ትመጫለሽ ብለህ አንድም ቀን አለመጠየቅህንም ልብ ብያለሁ። ሱቁን አልረከብም ብዬ በወጣሁበት ጠዋት የስፌት መኪናህ ድምፅ መንታ መንገዱን እስክታጠፍ ድረስ አላቋረጠም ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ጨርቅና ስለ ዝናብ ተጻጽፈናል፤ ስለዚያ ጠዋት ግን አንተም ዝም እኔም ዝም። ዛሬ ስለ ሥራዬ እነግርሃለሁ፣ ቀጥሎም አንድ ሰው ላይ የደረሰውን። ረጅም ነው፤ ሻይህን ይዘህ ተቀመጥ።

ብሎግ የሚባል ነገር አለ። ሰዎች የዋሉበትን፣ ያዩትን፣ የተናደዱበትን የሚጽፉበት የዕለት ማስታወሻ ነው፤ ልዩነቱ ደብተሩን ዓለም ሁሉ ማንበቡ ነው። ለዚህ የተሠራ ፕሮግራም አለ። የዛሬውን ከላይ ያስቀምጣል፣ የትናንቱ አንድ ደረጃ ዝቅ ይላል፣ የከትናንት ወዲያው ደግሞ ከዚያ በታች፤ ደብዳቤ መጻፍ የሚችል ሰው ሁሉ ይችለዋል። እኔ ይህንኑ ፕሮግራም ወስጄ ለማኅበራትና ለድርጅቶች ድረ ገጽ እሠራበታለሁ። ከባዶ ተነሥተው የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉ፣ ሥራቸውም ያምራል፤ ግን አንዲት ስልክ ቁጥር ለመቀየር እንደገና እነሱን መለመን ነው። የእኔን ጸሐፊዋም፣ ዘበኛውም፣ ሊቀመንበሩም ራሳቸው ያድሱታል። አንተ የተማሪ ልብስ ስትሰፋ ከታች ትርፍ ጨርቅ አጥፈህ ትተው የለ? ልጁ ሲመዘዝ እናትየዋ ቤቷ ፈትታ ታስረዝመዋለች። ሥራዬ እሱ ነው፤ ትርፍ ጨርቅ መተው።

ማማሩንም አልረሳሁም፣ የማን ልጅ ሆኜ። ከሁለት ቀለምና ከአንድ ጥሩ ፎቶ አላልፍም። ፎቶውን ለማግኘት ቀኑን ሙሉ ሰዎቹ መሀል እቀመጣለሁ፤ መጀመሪያ ይኮፈሳሉ፣ ሲሰለቻቸው ይረሱኛል፣ ያኔ አነሣለሁ። አንድ የንብ አናቢዎች ሊቀመንበር ገጹ ላይ ንብ ካልበረረች ብለው ሦስት ቀን ተከራከሩኝ። ሰው ሊያነብ ሲል ንብ ፊቱ ላይ ብትዞር ምን እንደሚያደርግ ጠየቅኋቸው፤ በእጁ ያባርራታል አሉ፣ ከዚያ አሰብ አደረጉና ንቧን ተዉልኝ።

ባለፈው ዓመት ታዲያ የጀልባ ነጂዎች ማኅበር ጠራኝ። ከምኖርበት ሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ አንድ ሰፊ ሐይቅ አለ፤ በወዲህ ዳር ከተማዋ፣ በወዲያ ማዶ ኮረብቶችና መንደሮች። አሥራ አንድ ጀልባዎች ሰው ያመላልሳሉ። ጠዋት ጠዋት ውሃው ላይ ጉም ይተኛል፤ ጀልባ ሲመጣ መጀመሪያ ድምፁ ነው የሚሰማው፣ ቀጥሎ ዝም ይላል፣ አልመጣም ማለት ነው ስትል ከነሰዎቹ አጠገብህ ቆሞ ታገኘዋለህ። ከመድረሻው ላይ አንዲት የትኬት ክፍል አለች፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መስኮት፣ ከውጭ ግድግዳዋ ላይ የተሰቀለ ጥቁር ሰሌዳ። ፀሐይ ስትወጣ የውሃው ብርሃን ጣሪያው ላይ ይንቀጠቀጣል። እዚያ ቁጭ ብዬ ጣሪያ ሳይ ስንት ሰዓት እንዳለፈ አላውቅም።

በዚያች ክፍል ሠላሳ ዓመት የሠሩትን ጸሐፊ ሁሉም ጋሽ ሰሌዳ ይላቸዋል። ከንጋቱ በፊት ይመጣሉ፣ ውሃ የነካ ጨርቅ ይዘው የትናንቱን ያጠፋሉ፣ ከዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፍ የዕለቱን ይጽፋሉ፦ ነፋሱ እንዴት እንደሆነ፣ የትኞቹ ጀልባዎች እንደሚወጡ፣ የመጀመሪያው ስንት ሰዓት እንደሆነ። ሰሌዳው ግን ለከተማው ሰው እንጂ ለማዶው አይታይም። የማዶው ሰው ነፋስ ባለበት ቀን ሁለት ሰዓት ቁልቁል ተጉዞ ይመጣና ጀልባ የለም ተብሎ ዳገቱን መልሶ ይወጣል። ማኅበሩ ድረ ገጽ የፈለገው ለዚህ ነው፤ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ በስልኩ እንዲያየው።

የማኅበሩ ሊቀመንበር እትዬ ሞተር ይባላሉ። ስሙን ያወጡላቸው ተሳፋሪዎች ናቸው፤ ሞተሩ እየጮኸ ድምፃቸው ከላዩ ስለሚሰማ። አክስቴን ያገኘሁ ነው የመሰለኝ። ገጹን ሠራሁላቸው። ከላይ ጉም ውስጥ ግማሽ ገብታ ግማሽ የወጣች ጀልባ ፎቶ፣ ሥሯ በትልቅ ፊደል የመጀመሪያው ጀልባ ከሁለቱም ዳር የሚነሣበት ሰዓት፣ ከዚያ የዕለቱ ማስታወቂያ። ሰው እንዳይደናገር ብዬ ፊት ለፊት አዲሱ ማስታወቂያ ብቻ እንዲታይ አደረግሁ። አይተው ዝም አሉ። እትዬ ሞተር ዝም ካሉ ወደውታል ማለት ነው ብለው ነጂዎቹ ሹክ አሉኝ።

ጋሽ ሰሌዳን ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ አስተማርኳቸው። ማውሱን እንደ ጠመኔ ነው የያዙት። የይለፍ ቃሉን እንዳይረሱት ሰሌዳው ላይ በጉልህ ጽፈውት እትዬ ሞተር ደርሰው ጉድ ፈላ፤ በዚያ ቀን የተሳፈረ ሁሉ አንብቦታል፣ እኔም በሳቅ እየተንፈራፈርኩ ቀየርኩት። ይህ ገጽ ማዶ ብቻ ነው የሚታየው ወይ ብለው ጠየቁኝ። የትም አገር ያለ ሰው ስልኩን ከፍቶ ያየዋል አልኳቸው። የትም ነው ያልሽው አሉ፣ አዎ የትም አልኩ። ከዚያ የትናንቱን በምን እንደሚያጠፉት ጠየቁኝ። የመጨረሻው ጀልባ ሊያመልጠኝ ነበር፤ ማዶ ሌላ ሰው ቀጥሮኛል። ያሉኝን ቆም ብዬ አላሰብኩትም። አስተካክል የሚለውን ቁልፍ አሳየኋቸውና ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ሮጥኩ። ማጥፋት እንደማያስፈልጋቸው፣ አዲሱን ብቻ ቢጽፉ የትናንቱ ራሱ ዝቅ እንደሚል መንገር ነበረብኝ። አባዬ፣ የችኮላ ስፌት ይተረተራል ብለህ የጮህክብኝን ሁሉ ያን ቀን ረሳሁት።

ዓመት አለፈ። አንዳንዴ ገጹን ስከፍተው የዕለቱ ማስታወቂያ በጊዜው ወጥቶ ንጹሕ ሆኖ ይታየኛል። ጎበዝ ናቸው እላለሁ፣ እዘጋዋለሁ። ከሥሩ ምን እንዳለ አንድም ቀን አላየሁም።

ከሁለት ወር በፊት እትዬ ሞተር ደወሉልኝ፤ ድምፃቸው ዝግ ያለ ስለነበር ሌላ ሰው መሰሉኝ። የጀልባዎቹ ፈቃድ የሚያበቃበት ጊዜ ደርሷል። አንድ ትልቅ ጀልባ ያለው ኩባንያ መተላለፊያውን ለእኔ ስጡኝ ብሎ ለከተማው ምክር ቤት አመልክቷል፤ እነዚህ ሰዎች ከዓመቱ ግማሹን ቀን አይሠሩም፣ ሰው ዳር ቆሞ ይውላል ብሎ። የፈቃድ ሹሟም ማኅበሩ የዓመቱን ሥራ በጽሑፍ ያሳይ አሉ። የእኛ ሰዎች ደረታቸውን ነፍተው ድረ ገጻችንን ይመልከቱልን ይላሉ። ሹሟ ቢከፍቱት ዓመቱን በሙሉ የተጻፈች አንዲት ማስታወቂያ ብቻ አገኙ። እሷም ምን ትላለች መሰለህ? ዛሬ ነፋስ አለ፣ ጀልባ የለም።

በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄድኩ። ጋሽ ሰሌዳ ሰሌዳውን እንደሚያጸዱ ሁሉ ገጹንም በየማለዳው ያንኑ አንድ ማስታወቂያ ከፍተው፣ የትናንቱን አጥፍተው፣ የዛሬውን በላዩ ሲጽፉ ነው የከረሙት። በእጅ የተጻፈ መዝገብ የላቸውም፤ ሠላሳ ዓመት የሠሩት ሁሉ በእርጥብ ጨርቅ ሄዷል። ፈቃዱ ከተወሰደ ጀልባዎቹ ይሸጣሉ፣ ክፍሏም ትቆለፋለች። እትዬ ሞተር ስለ ራሳቸው አልነበረም የሚያወሩት። እኔ ሌላ ሥራ አላጣም፣ ጋሽ ሰሌዳን ከዚህ ዳር ካነሧቸው ግን ይሞታሉ አሉኝ። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም። ጋሽ ሰሌዳ አንድም ቃል አልወቀሱኝም፤ ወንበር ስበው ተቀመጪ ልጄ አሉኝ፤ ያን ጊዜ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። የውሃው ብርሃን ጣሪያው ላይ ይዋዥቃል፣ ከውጭ ሞተር ይነሣል፣ ይርቃል። ድንገት ትዝ አለኝ። የሚጽፉ ሰዎች እንደሚጸጸቱ ፕሮግራሙ ያውቃል፤ ስለዚህ አንድ ጽሑፍ በተለወጠ ቁጥር የቀድሞውን ቅጂ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ከሥር ደብቆ ያስቀምጣል። የተቀመጠበትን ከፍቼ አየሁ። አንድም አልጠፋም፣ ሁሉም ተደራርበው ተኝተዋል፤ ከላይ ወደ ታች ብሄድ ብሄድ አያልቁም። ቤት ውስጥ የማላውቀው ምድር ቤት አግኝቼ ደረጃ የምወርድ ነው የመሰለኝ፤ እንዲህ ያለ ሕልም አልፎ አልፎ አያለሁ፣ ግን በቀን ዓይኔ እያየ አልወረድኩበትም ነበር።

ስቆጥራቸው ግን ቁጥሩ አልገጠመልኝም። የዓመቱ ቀኖች ሁለት እጥፍ ያህል ናቸው። ለየቀኑ ሁለት ሁለት አለ፤ አንዱ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የወጣ፣ ሌላው ከሩብ ሰዓት በኋላ። ሁለተኛው ማስታወቂያው ነው። የመጀመሪያውን ከፍቼ አነበብኩ። «ዛሬ ጉም ነው። ማዶው አይታይም። አንቺ ጉም ትወጂ ነበር» ይላል። የማግስቱን ከፈትኩ። «ትናንት ጥርሴን ነቀሉልኝ። ብዙም አላመመኝ።» ቀጠልኩ። «የወንበርሽ እግር ወልቆ ነበር፣ በምስማር መታሁት።» ሌላ ቀን፦ «የምጽፈው አጣሁ። እንዴት አደርሽ።» ነፋስ ባለበት ቀን ደግሞ፦ «ልትመጪ አስበሽ ከሆነ ዛሬ አትምጪ። ማዕበሉ ክፉ ነው።»

እትዬ ሞተርን ጠርቼ አሳየኋቸው። ቆመው አነበቡና ተቀመጡ። ያኔ ነገሩኝ፤ ጋሽ ሰሌዳ አንዲት ልጅ አለቻቸው። ከሰባት ዓመት በፊት ተጣልተው አንድ ሻንጣ ይዛ በእትዬ ሞተር ጀልባ ተሻግራ ሄደች፤ የት እንዳለች የሚያውቅ የለም። የሄደችው ከዚህ መድረሻ ነው፣ ብትመለስም የምትመለሰው በዚሁ ነው ብለው፣ ጡረታ ሲሏቸው እምቢ ብለው፣ ቀሩ። እኔ የትም አገር ይታያል ካልኳቸው ቀን ጀምሮ ከተማው ሳይነቃ አንድ መስመር ያወጣሉ፣ ሩብ ሰዓት ይጠብቃሉ፣ ተሳፋሪ ስልኩን ሳይከፍት ያጠፉታል። አባዬ፣ እኔው በቸልታ በተናገርኳት አንዲት ቃል ሰውየው ዓመት ሙሉ ጎሕ ሲቀድ ተነሥተዋል።

አሁን ጣጣው ምን ነበር መሰለህ፣ መዝገቡን ለሹሟ ሳቀርብ እነዚያን መስመሮች ነጥዬ ላወጣቸው አልችልም። አንዱን ነክቼ ከተገኘሁ ሌላውንም ነክታዋለች ይባላል፣ ኩባንያውም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ወይ ሁሉም ወይ ምንም። እሳቸውን ሳልጠይቅ ደግሞ አላደርገውም። ስሄድ ሰሌዳውን እያጸዱ ነበር። ጋሽዬ፣ ያጠፉት ሁሉ አልጠፋም፣ ተቀምጦ አገኘሁት አልኳቸው። ጨርቁ ከእጃቸው ላይ ይንጠባጠባል። ሁሉም ወይ አሉ። ሁሉም አልኩ። የጥርሱም ወይ አሉ። የጥርሱም አልኩ። ነገሩን አስረዳኋቸው። ጨርቁን አስቀምጠው ከመድረሻው ጫፍ ሄደው ተቀመጡ። ሁለት ጀልባ መጣ፣ ሁለት ጀልባ ሄደ፣ እሳቸው እዚያው ናቸው፤ ጉሙ አንዴ ይሸፍናቸዋል አንዴ ይገልጣቸዋል። ተመልሰው ሲመጡ፣ ለዓለም ሁሉ ጽፌው ሳበቃ አሁን ከአንዲት ሹም ልደብቀው አሉኝ። ጮክ ተብሎ እንዳይነበብ ብቻ አደራ አሉ።

ሹሟ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አነበቡት። እኛ ወንበር ላይ ተደርድረን የኩባንያውን ሰው እናያለን፣ የኩባንያው ሰው ሰዓቱን ያያል። ሹሟ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ ገጽ ይገልጣሉ። አንድ ቦታ ላይ መነጽራቸውን አውልቀው ጠራረጉና መልሰው አደረጉ። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰዓቱን የሚጽፈው ሰው ነው ማሽን? ማሽኑ ነው አልኩ። እንግዲያው ጀልባዎቹ በዓመቱ ውስጥ ሦስት መቶ አንድ ቀን ወጥተዋል፣ ጸሐፊው ደግሞ ከአራት ቀን በቀር ከንጋት በፊት ሥራቸው ላይ ነበሩ ብለው መዘገቡ። ፈቃዱ ለሦስት ዓመት ታደሰ። ስንወጣ ሹሟ ጋሽ ሰሌዳን እጃቸውን ይዘው፣ ከእንግዲህ ምንም አያጥፉ አሏቸው። እትዬ ሞተር ኮሪደሩ ላይ ሲያለቅሱ ምክር ቤቱ ሁሉ ከየቢሮው ወጣ።

ከዚያ በኋላ ሳምንት ተቀምጬ የዓመቱን ማስታወቂያ አንድ በአንድ አወጣሁ፣ ለእያንዳንዱ ቀኑን ሰጠሁት፣ በየወሩ ደረደርኩት። ቀድሞውንም ሊሆን የሚገባው እንዲህ ነበር። የጠዋቶቹን መስመሮች ልተዋቸው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። አይ፣ ከነፋሱ በላይ ይቀመጡ አሉ። አዲስ ሲጽፉ አሮጌው ራሱ ዝቅ እንደሚልም አሳየኋቸው። ሁለት ሦስት ጊዜ ሞከሩት፤ የትናንቱ ሳይጠፋ ሲወርድ ዓይናቸውን ተክለው ያዩታል። ቀጥለው፣ ሰው ከሥር መልስ መጻፍ ይችላል ወይ አሉኝ። ይቻላል፣ አስተያየት የሚባል ቦታ አለ፣ ልክፈተው ወይ አልኩ። ክፈቺው አሉ።

ከፈትኩት። የመጀመሪያው ሳምንት አንዱ የሁለተኛዋ ጀልባ ሞተር ጆሮ ያደነቁራል ብሎ ጻፈ፣ አንዷ ጥቁር ጃንጥላ ጠፋኝ አለች፣ አንዱ ደግሞ ስለ ጥርሱ እንኳን ተነቀለልዎ ብሎ ጻፈ። ጋሽ ሰሌዳ ለሁሉም በትሕትና መልሰዋል። ትናንት ሐሙስ ስም የሌለው አንድ ጥያቄ መጣ። «የእሑድ የመጀመሪያው ጀልባ ከማዶ የሚነሣው ስንት ሰዓት ነው?» የሚል ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። ሰዓቱ እኮ አባዬ ከገጹ አናት ላይ በትልቅ ፊደል ተጽፏል። እዚያ ድረስ ወርዶ ጥያቄ የጻፈ ሰው ሳያየው አያልፍም።

እትዬ ሞተር ደውለው ነገሩኝ፤ እሑድ የጀልባዬን መሪ ማንም አይነካውም፣ እኔ ነኝ የማመጣት አሉ። ማን ናት ብለው ነው፣ መንገደኛ ሊሆን ይችላል አልኳቸው፣ ሊሆን ይችላል አሉ። ጋሽ ሰሌዳ ለመመለስ ግማሽ ቀን ፈጅቶባቸዋል። ጽፈው ያጠፋሉ፣ ጽፈው ያጠፋሉ። በመጨረሻ የጻፉት ይህ ነው፦ «ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ። ነፋስ ቢኖርም እዚሁ ነኝ።» እኔም ይህን ስጽፍልህ ገጹ አጠገቤ ክፍት ነው። እሑድ ማን ከጀልባው እንደሚወርድ አላውቅም።

አባዬ፣ የእሳቸውን መስመሮች ሳነብ ያንተን ደብዳቤዎች አውጥቼ እንደገና አነበብኳቸው። ስለ ጨርቅና ስለ ዝናብ ነው ያልኳቸውን። ዝናቡ በበዛ ጊዜ መንገዱ ጭቃ ነው ትላለህ፣ ሲያባራ ደግሞ መንገዱ ደርቋል ትላለህ። ስንት ዓመት ሙሉ የመንገዱን ነገር ለምን እንደምትነግረኝ አልገባኝም ነበር። ናፍቀኸኛል። ያን ጠዋትም ዞር ብዬ አላየሁህም፤ የመኪናህን ድምፅ ብቻ እየሰማሁ በአንተ ፈረድኩ፣ አንተ ግን እግርህ ከፔዳሉ ላይ እንዳይነሣ ስንት እንደታገልክ አላሰብኩም።

እማዬን ጉንጯን ደጋግመህ ሳምልኝ፤ ለሳሏ ሙቅ ነገር ትጠጣ፣ መስኮት ከፍታ አትተኛ። ታናሽ ወንድሜን ጢሙ ቢወጣም ባይወጣም እወደዋለሁ በልልኝ፣ ብስክሌቴን ግን የሸጠው እንደሆነ አልለቀውም። አክስቴን አንድ እሷን የሚስተካከል ድምፅ አግኝቻለሁ በላት፣ ትቀናለች። አጠገብህ ያለው ጫማ ሰፊ፣ ፊት ለፊት ያለችው ፀጉር ሠሪ፣ ስለ እኔ የሚጠይቁህ ደንበኞችህ ሁሉ ሰላምታዬ ይድረሳቸው፤ ምን ትሠራለች ካሉህ ሰው ራሱ የሚያድሰው ገጽ ትሠራለች በላቸው፣ መቀስህንም አትፈልግ።

ላንተ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ አገር አቋራጩ አውቶቡስ እኛ ሰፈር የሚደርሰው ስንት ሰዓት ነው? አውቀዋለሁ፤ ግን አንተ ጻፍልኝ።

ልጅህ

ከልብስ ማጠቢያው ቤት ፎቅ ላይ፣ ከመስኮቱ ሥር
ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ወሩ በገባ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን